ራውተር በሌለበት ቤት የልጅን ኮምፒውተር መቆጣጠር

ስለ ልጆች ኮምፒውተር ቁጥጥር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ኢንተርኔትን ለቤቱ ከሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ከራውተር ይጀምራል፤ ራውተሩን ክፈቱ፣ ማጣሪያ አስገቡበት፣ የሰዓት ገደብ ስጡት፣ አለቀ ይላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ምክር ሳይጀመር ያልቃል። ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ዋይፋይ ያስገባ ቤት አይጠፋም። ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትሄዱ ግን ኢንተርኔት ወደ ልጁ ላፕቶፕ የሚገባው በብዛት ከአባት ወይም ከታላቅ እህት ስልክ በሆትስፖት ነው። ፊልሙና ጌሙ ደግሞ ኢንተርኔትም ሳያስፈልገው በፍላሽ ይዞራል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ «ዳታ ካልሞላሁለት ምን ያያል?» የሚለው መጽናኛ ብዙ አያስኬድም።

ስለዚህ መቆለፊያው መቀመጥ ያለበት ራሱ ማሽኑ ላይ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ የሚጫን ፕሮግራም ይጠይቃል። እኔ ግን ምንም ሳይጫን በሚሠራው እጀምራለሁ፤ አካውንት በመለየት።

ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ፎርማት ተደርጎ የተመለሰ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ አካውንት ብቻ ነው። ስሙ «ፒሲ» ወይም «ዩዘር» ነው፣ የይለፍ ቃል የለውም፣ ዓይነቱም አድሚኒስትሬተር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን የመቀየር መብት ያለው ነው። ልጁ በዚህ አካውንት እየገባ ማጣሪያ መጫን ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው፤ ያስገባችሁትን ሁሉ እሱም በእናንተው መብት ያነሳዋል።

ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ለራሳችሁ አዲስ አካውንት ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ አካውንትስ፣ ቀጥሎ አዘር ዩዘርስ ገብታችሁ አድ አካውንት በሉ። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የሰውየውን መግቢያ እንደማታውቁ የሚገልጸውን መስመር ንኩ፤ ከዚያ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ ለመጨመር የሚያስችለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ገጹ ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ ይባላል እንጂ መንገዱ ያው ነው። ስምና የይለፍ ቃል ከሰጣችሁ በኋላ ቼንጅ አካውንት ታይፕ በሚለው አድሚኒስትሬተር አድርጉት። አሁን ከድሮው አካውንት ውጡና በአዲሱ ግቡ። በትክክል መግባቱንና ሴቲንግ ማስቀየሩን ካያችሁ በኋላ ብቻ የድሮውን ወደ ስታንዳርድ ዩዘር አውርዱት። የልጁ ፋይል፣ የዴስክቶፑ ሥዕል፣ የትምህርት ማስታወሻው ሁሉ ባለበት ይቆያል፤ የሚቀነሰው መብቱ ብቻ ነው። ችኩሎች አዲሱን አካውንት ሳይሞክሩ የድሮውን ያወርዳሉ፤ ከዚያ የሰጡት የይለፍ ቃል ሲጠፋባቸው ኮምፒውተሩን ተሸክመው ወደ ፎርማት ቤት ይሄዳሉ።

የይለፍ ቃሉን ስትፈጥሩ ዊንዶውስ ሦስት የማስታወሻ ጥያቄዎች እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል። ከሚቀርቡት መካከል የተወለዳችሁበት ከተማ፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤታችሁ፣ የልጅነት ቅጽል ስማችሁ፣ የትልቁ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ስም፣ ወላጆቻችሁ የተገናኙበት ከተማ ይገኛሉ። ጥያቄዎቹን ያወጣው ሰው የእኛን ቤት አያውቅም። አባቱ ሞላሌ ተወልዶ የት እንደተማረ፣ በልጅነቱ ማን ተብሎ ይጠራ እንደነበር የማያውቅ ልጅ የለም፤ ባያውቅ እንኳ አያቱ በደስታ ይነግሩታል። የይለፍ ቃል በስህተት ሲገባ ወደ ጥያቄዎቹ የሚወስድ መስመር ከሥር ይመጣልና ሦስቱን የመለሰ ሰው አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣል። ስለዚህ እውነተኛውን መልስ አትጻፉ። ለሦስቱም ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ነገር ስጡና ልጁ በማይደርስበት ደብተር ላይ መዝግቡት።

ስታንዳርድ አካውንት ብዙ ነገር ይዘጋል፤ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረውን አገልግሎት) መቀየር፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት መቀየር፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚጫን ፕሮግራም ማስገባት አይቻልም። የማይዘጋውን ግን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ቴሌግራምና ክሮም ያለ አድሚን ፈቃድ በልጁ በራሱ አካውንት ውስጥ ሊጫኑ ይችላሉ። ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ የሚነሱ ጌሞችም እንደዚያው። የሰዓት ዞን መቀየርም ለማንኛውም ተጠቃሚ የተፈቀደ ነው።

አካውንቱ ከተለየ በኋላ የማይክሮሶፍት የቤተሰብ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ ፋሚሊ ሴፍቲ፣ ይምጣ አይምጣ የሚለው የእናንተ ምርጫ ነው። ነጻ ነው፣ የሚሠራውም በደንብ ነው። ነገር ግን ልጁ በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ኮምፒውተሩ ላይ መግባት አለበት፤ ከላይ በከፈትነው ዓይነት፣ ያለ ማይክሮሶፍት ኢሜይል በሚሠራ የአካባቢ አካውንት አይሠራም። ወላጅና ልጅ በአንድ ኢሜይል ከገቡም ምንም አይቆጣጠርም። የድረ ገጽ ማጣሪያው የሚሠራው በማይክሮሶፍት ብሮውዘር በኤጅ ላይ ብቻ ስለሆነ ሲበራ ሌሎቹን ብሮውዘሮች ይዘጋል፤ ልጁ «ክሮም ተበላሸ» ብሎ ቢመጣ አልተበላሸም። ለትንንሽ ልጆች በጣም የምወድለት የተፈቀዱ ድረ ገጾች ብቻ እንዲከፈቱ የሚያደርገውን አማራጭ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አምስት ስድስት አድራሻ ይበቃዋል። ለአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ግን ይህ አይሆንም፤ ለአንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሃያ ገጽ ይከፍታልና በየደቂቃው ፈቃድ ሲጠይቅ ሁለታችሁም ትሰለቻላችሁ። ወላጁ ማሳው ላይ ሆኖ ኢሜይል የማያይ ከሆነ ደግሞ «ተጨማሪ ሰዓት ስጠኝ» የሚለው መልእክት የትም አይደርስም።

ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ የሰዓት ገደብ የፈለገ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ያለ መንገድ አለው። በአድሚን አካውንት ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱና ኔት ዩዘር (net user) የሚለውን ትእዛዝ፣ የልጁን አካውንት ስም፣ ከዚያ ታይምስ (/times:) በሚለው ምልክት ቀናቱንና ሰዓቱን ትጽፋላችሁ። ይህ ከቤተሰብ ፕሮግራሙ በተቃራኒ ለአካባቢ አካውንት ይሠራል። የሚቀበለው ድፍን ሰዓት ብቻ ነው፤ ከ16:30 ጀምር ብትሉት እሺ አይልም። ታይምስ ብላችሁ ቦታውን ባዶ ከተዋችሁት ልጁ በምንም ሰዓት መግባት አይችልም፤ ገደቡን ለማንሳት «ኦል» ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ሰዓት ላይ የሚፈጠረው ትልቁ ስህተት ግን ከትእዛዙ አይደለም፤ ከሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እንዲጠቀም የፈለገ አባት 10:00 እና 12:00 ብሎ ከጻፈ ለኮምፒውተሩ የነገረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ጊዜ ማለት ነው። በቀን ሰዓት ላይ 6፣ በማታው ላይ 18 ደምሩ። የቀኑ 10 ሰዓት 16:00፣ የቀኑ 12 ሰዓት 18:00፣ የማታ 2 ሰዓት 20:00 ይሆናል። በኤኤምና ፒኤም የሚጻፍበት ገጽ ላይ 12 ፒኤም ማለት እኩለ ቀን መሆኑን አትርሱ። ዞኑን ስትመርጡ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ ዊንዶውስ ላይ የእኛ ዞን ናይሮቢ በሚል ስም ነው የተቀመጠው፣ ፕላስ 3።

ይህ ገደብ የሚከለክለው መግባትን ነው። ቀድሞ የገባውን ልጅ ሰዓቱ ሲያልቅ አያስወጣም። ለዚያ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ በየቀኑ 20:00 ላይ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ሥራ ትፈጥራላችሁ፤ ተጠቃሚ ገባም አልገባም እንዲሠራ የሚለውን ምረጡ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ኮንዲሽንስ በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ከመብራት ጋር ከተያያዘ ብቻ እንዲጀምር የሚያደርገው ምልክት ከመነሻው የበራ መሆኑ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ማጥፊያው ግን አይነሳም። በእኛ አካባቢ ደግሞ መብራት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ልክ በዚያ ማታ ነው፤ ምልክቱን አንሱት። ሁለተኛው ከመጥፋቱ በፊት የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። አምስት ደቂቃ ከሰጣችሁት ትእዛዙን የሚያውቅ ልጅ ማጥፋቱን ይሰርዘዋል፤ ስታንዳርድ ተጠቃሚም ይህ መብት አለውና። ሥራውን ለማስቀመጥ 60 ሴኮንድ ይበቃዋል።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ከሁሉ በፊት ማዘርቦርዱ (ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ እዩ። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ የሰዓት መሸጫ ሱቅም አያጣትም። ስትደክም ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ያኔ የሰዓት ገደቡ ይዛባል፤ ብሮውዘሩም የድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜ አልገጠመልኝም ብሎ አልከፍትም ይላል። ወላጁ ማጣሪያው ያበላሸው ይመስለውና ማጣሪያውን ያጠፋዋል። ጥፋቱ የባትሪዋ ነበር።

አሁን ወደ ድረ ገጽ ማጣሪያ። ነጻ የቤተሰብ ዲኤንኤስ አገልግሎቶች አሉ። ክላውድፍሌር ለቤተሰብ ያዘጋጀው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው፤ የወሲብ ይዘት ያላቸውን ገጾችና የቫይረስ ገጾችን ይዘጋል። ክሊንብራውዚንግ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ሲሆን ጠበቅ ይላል፤ የጉግልና የዩቲዩብን ጥንቁቅ ፍለጋ ያስገድዳል፣ ማጣሪያ ማለፊያ የቪፒኤን ገጾችንም ይዘጋል። ለልጅ ኮምፒውተር ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቁጥሮቹ የሚገቡበት ቦታ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለው የኔትወርክ አዳፕተሮች (የኢንተርኔት መግቢያዎች) ዝርዝር ነው። አዳፕተሩን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4፣ ከዚያ ከታች ያሉት ሁለት ሳጥኖች። ዝርዝሩ ላይ ዋይፋይ ብቻውን አይደለም። በገመድ የሚገባው ለብቻው አለ፣ ስልክ በዩኤስቢ ተሰክቶ ኢንተርኔት ሲሰጥ ደግሞ ሌላ አዲስ አዳፕተር ይፈጠራል። ዋይፋዩ ላይ ብቻ ያስገባ ሰው ልጁ ስልኩን በቻርጀር ገመድ በሰካ ቅጽበት ማጣሪያው ይቀርበታል። እንግዲህ የቤቱን ስልክ አንድ ጊዜ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ (ኢንተርኔት በገመድ ማጋራት) አብሩ፣ አዳፕተሩ ሲወጣ እሱም ላይ ቁጥሮቹን አስገቡ። ቨርዥን 6 የሚለውንም እዚያው ላይ ምልክቱን አንሱ፤ ካልሆነ ጥያቄው በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያደረጋችሁት ማጣሪያ በሆትስፖት ወደ ኮምፒውተሩ ይሻገራል ብላችሁም አትመኑ። በመጨረሻ ክሮምና ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩር ዲኤንኤስ የሚባል አለ፤ ልጁ እዚያ ሌላ ድርጅት ከመረጠ ያስገባችሁት ቁጥር ከንቱ ነው። ስታንዳርድ አካውንት ይህን አይከለክልም፤ አልፎ አልፎ ገብቶ ማየት ነው።

የስፖርት ውርርድ ገጾችን እነዚህ ቁጥሮች ይዘጋሉ ብላችሁ አታስቡ። የ1.1.1.3 ሥራ የወሲብ ይዘትና ቫይረስ ነው፤ ቁማር አልገባበትም። በእኔ ግምት በዚህ ዕድሜ ላለ ወንድ ልጅ ኪሱን ቶሎ የሚነካው ይኼኛው ነው። ኔክስትዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ቁማርን እንደ አንድ ምድብ ለይቶ ይዘጋል፣ በማንኛውም ሆትስፖትም ይከተላል። ነጻው በወር እስከ 300,000 ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተሩ የአንድን ገጽ አድራሻ በጠየቀ ቁጥር አንድ ይቆጠራል፤ ከዚያ ካለፈ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ማጣራቱን ግን ያቆማል።

ቴሌግራም ላይ ግን ይህ ሁሉ ዲኤንኤስ አቅም የለውም። ማጣሪያው የሚያውቀው የገጽን ስም ነው፤ ቴሌግራም ውስጥ የሚላከው ሁሉ ለእሱ አንድ በር ነው። መዝጋትም ይከብዳል፤ የትምህርት ማስታወሻና የቤት ሥራ የሚላክበት ቻናል እዚያው ነው። አስቀድማችሁ የማን ቁጥር እንደገባበት እዩ። ልጁ በእናት ስልክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ከገባ የእናትን ቻት፣ የሥራ ግሩፕ፣ የገባችባቸውን ቻናሎች ሁሉ ያያል፤ ስልኳ ላይ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍታ የማታውቀውን ማሽን ማስወጣት ትችላለች። በልጁ አካውንት ላይ ደግሞ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ግሩፕና ቻናል ላይ ማን ያስገባኛል የሚለውን ወደ ማይ ኮንታክትስ ለውጡ፤ የማይታወቅ ሰው የማይረባ ግሩፕ ውስጥ የሚጨምረው በዚህ ቀዳዳ ነው። አድቫንስድ ገብታችሁ የፎቶና የቪዲዮ በራሱ መውረድን አጥፉ፤ ዳታም ይተርፋል። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የራሱ መቆለፊያ ኮድ አለው፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ኮዱን እናንተ ይዛችሁ አብራችሁ መክፈት ይቻላል።

ፍላሽን የሚያጣራ ነገር የለም። ቪዲዮው ከተገለበጠ በኋላ ማጫወቻው ይዘቱን አይመረምርም። ፍላሽ ጨርሶ እንዳይነበብ ማድረግ ግን ይቻላል። በአድሚን አካውንት ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ፣ ሲስተም ከሚለው ሥር ያሉትን ሰርቪሶች ከፍታችሁ ዩኤስቢስቶር (USBSTOR) የሚለውን ፈልጉ፤ ስታርት የሚለውን ዋጋ ከ3 ወደ 4 ቀይሩት። ማውስና ኪቦርድ እንደልብ ይሠራሉ፣ ፍላሽ ግን አይታይም። እግረ መንገዱን ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስም በፍላሽ አይገባም፤ ይህ ብቻውን ልፋቱን ይክሳል። ግን ስልክ በገመድ ሲሰካ የሚገለበጥበት መንገድ ሌላ ስለሆነ በዚህ አይዘጋም። ዕድሜው ከፍ ላለ ተማሪም ጉዳቱ ያመዝናል፤ የጥያቄ ስብስብና መጽሐፍ የሚለዋወጠው በፍላሽ ነውና። ለእሱ ዴስክቶፑን ሳሎን፣ ስክሪኑን ወደ በሩ ማዞር ከሬጂስትሪ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ልጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ከላፕቶፕ ጋር እንደሚከተው የታወቀ ነው፤ የሚቻል ከሆነ ለልጅ ላፕቶፕ ሳይሆን ዴስክቶፕ ግዙ።

ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም) ላይ የይለፍ ቃል አድርጉና ከፍላሽ መነሳትን አጥፉ፤ ካልሆነ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰክቶ ከዊንዶውሱ ውጭ ይጠቀማል። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ያችን ክብ ባትሪ ነቅሎ መመለስ የባዮሱን የይለፍ ቃል ያጠፋዋል፤ እዚያ የደረሰ ልጅ ግን ኮምፒውተር ጥገና ቢማር ይበጀዋል።

ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ነው። ወላጅ አጠገባቸው የለም፤ የአድሚን የይለፍ ቃሉን አብራ የምትኖር ታላቅ እህት ወይም አክስት ትያዘው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ማሽኑን ነጥቆ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ ኪቦርዱን መልመድ አለበት።

ይህን ሁሉ አንድ ፎርማት ይጠርገዋል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ስላበቃ፣ ብዙ ማሽን ለ11 ሲባል ወደ ሱቅ መሄዱ አይቀርም፤ ሲመለስም እንደገና «ፒሲ» በሚባል የይለፍ ቃል የሌለው አድሚን አካውንት ነው የሚመለሰው። ስትረከቡ እዚያው ሱቁ ውስጥ አብሩትና የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ የልጁን ወደ ስታንዳርድ አውርዱ። የዲኤንኤስ ቁጥሮቹን በዚያው ደብተር ላይ ያዙ፤ አዳፕተሮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ነው የሚጠብቋችሁ፣ የዩኤስቢውም ጭምር።